ቡና ላይ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሲነሳ፦ ዘመድ ሳይቀያየም እንዴት ይወራል?

ባለፈው ጥምቀት የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ መጥቶ ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ አባዬ ቤት፣ ቡናው ገና አቦል ላይ ነው። ልጁ ስልኩን ለአባዬ ሰጥቶ ፎቶ ያሳየዋል። መኪናው፣ በረዶው፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ። አባዬ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ በሌባ ጣቱ እየገፋ ያያል። አንድ ፎቶ ላይ ቆመ። ሁለት ወንዶች ሱፍ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ አበባ ሰክተው፣ አንድ ቢላ አብረው ይዘው ኬክ ይቆርሳሉ።

«ሰርግ ነው?» አለ።

«አዎ ጋሼ፣ የአለቃዬ ሰርግ ነው።»

«ሙሽራዋ የታለች?»

ልጁ ትንሽ አሰበና «ሁለቱም ሙሽሮች ናቸው» አለ። እማዬ ጀበናውን እንዳዘነበለች ቀረች። ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። አባዬ ስልኩን ደፍቶ ከጎኑ አስቀመጠውና ያልጠበቅነውን ጥያቄ ጠየቀ። «አንተም እዚያ በላህ?»

ጎጃም ያደገ ሰው ይህች ጥያቄ አትጠፋውም። የሰው ሰርግ መብላት መመስከር ነው። ልጁ «በላሁ፣ ምን አለበት?» አለ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ጎረቤት «ሰዶምና ገሞራ» አለ፣ ልጁ «እናንተ ኋላ ቀሮች» አለ፣ በረካው ሳይጠጣ ሰው ተበተነ።

ከዚያ ወዲህ ይህ ወሬ በእኛ ቤት ብዙ ጊዜ ተነስቷል። አሁን አሁን ሳንጣላ እናወራዋለን። እንዴት እንደደረስንበት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ውጭ አገር ልጅ ወይም ወንድም የሌለው ቤት ጎጃም ውስጥ እየቀነሰ ነው፣ ጥያቄው እናንተም ቤት መምጣቱ አይቀርም። አቋሜን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን አምናለሁ። በዚህ ጉዳይ ሰው ሲደበደብ ወይም ከቤት ሲባረር ማየት ደግሞ አልችልም። ሁለቱንም ይዤ ነው የምኖረው።

አስቀድማችሁ «የትኛው ጋብቻ?» በሉ

ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

«ጋብቻ» አንድ ቃል ይምሰል እንጂ እኛ አገር ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ተክሊልና ቁርባን። ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ስለሆነ እንዲሁ በቀላሉ አይፈርስም። ሁለተኛው ሰማንያ ነው። በሽማግሌና በምስክር ፊት በውል ይታሰራል፣ ካልሆነም ንብረት ተካፍሎ ይፈርሳል። ሦስተኛው የማዘጋጃ ነው፣ ፊርማና ማኅተም።

በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ነው የሚለው። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል መጋባት ይቻላል፣ ሦስቱም በሕግ ፊት ጋብቻ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ፊት ግን ሦስቱ እኩል አይደሉም። አባዬና እማዬ ራሳቸው በሰማንያ ተጋብተው ስድስት ልጅ አሳድገዋል። የቆረቡት አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዘመን በምሥጢር ደረጃ ቤተ ክርስቲያን የማታውቀው ጋብቻ ውስጥ ነበሩ። አንድም ጎረቤት «እናንተ ባልና ሚስት አይደላችሁም» ብሏቸው አያውቅም። የመሬት ደብተራቸው ላይም የሁለቱ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል።

ይህን ለአባዬ ሳነሳለት ዝም አለ። ቀጥሎ «እና ምን ልትል ነው?» አለኝ።

ልል የፈለግሁት ይሄን ነው። አሜሪካኖቹ የተከራከሩት በሦስተኛው ላይ ነው፣ በማዘጋጃው። እኛ ደግሞ «ጋብቻ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ዓይናችን ላይ የሚመጣው አክሊልና ካባ ነው። ልጁ ስለ ማኅተም ያወራል፣ አባዬ ስለ ተክሊል ይሰማል። እንዲህ ሆኖ እስከ ምጽአት ቢጨቃጨቁ አይገናኙም።

ስለዚህ ወሬው እንደተጀመረ ቀስ ብላችሁ «የምናወራው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ነው ወይስ ስለ መንግሥት ወረቀቱ?» በሉ። በዚህች ጥያቄ ብቻ ግማሹ ጠብ ይበርዳል። ግማሹ ይቀራል፣ እሱን አልክድም።

የአሜሪካውን ነገር ለሽማግሌ ስታስረዱ

«መብት»፣ «እኩልነት»፣ «ነፃነት» እያላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ያለ ቃል ለአባዬ የሬዲዮ ዜና ነው። ታሪክ ንገሩት።

እኔ የነገርኩት የኦበርገፌልን ነው። ኦሃዮ የሚኖር ጂም ኦበርገፌል የሚባል ሰው አለ። አብሮት ብዙ ዓመት የኖረው ጆን አርተር ጡንቻን እያደከመ የሚገድል በሽታ ያዘው። ኦሃዮ የሁለት ወንዶችን ጋብቻ አትቀበልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የሕክምና አውሮፕላን ተከራይተው ሜሪላንድ ሄዱ፣ ሕመምተኛው መውረድ ስለማይችል አውሮፕላኑ ማረፊያው ላይ እንደቆመ እዚያው ውስጥ ተጋቡና ተመለሱ። በዚያው ዓመት ጆን ሞተ። ክሱ የመጣው ገና በሕይወት ሳለ፣ ሲሞት በሚወጣው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ኦሃዮ «የትዳር ጓደኛ» በሚለው ቦታ የጂምን ስም አልጽፍም አለች።

አባዬ ይህን ሲሰማ «ይሄ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ስም ለማስፈር ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ ራሱ መለሰው። የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት ስንት ወር እንደተመላለሰ ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ፣ «ወረቀትማ ወረቀት ነው» አለ። በወረቀት እጦት ባሏ ሲሞት ከመሬቷ የተነሳች ሴት በየሰፈሩ ስላለች፣ ለጎጃም ገበሬ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም።

የጂም ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሰኔ 19 ቀን 2007 በእኛ አቆጣጠር ውሳኔ አገኘ። አምስት ለአራት። ይህን ቁጥር አትዝለሉት። ልጆቻችን ዓለም ሁሉ የተስማማ አስመስለው ያወራሉ፣ አራት ዳኞች ግን ተቃውመዋል። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፈው ዳኛ ኬኔዲ ማግባት መሠረታዊ መብት ነው አለ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮበርትስ ደግሞ ይህን መወሰን ያለበት ሕዝቡ ነው፣ እኛ ዳኞች አይደለንም ብሎ ተቃወመ። አየርላንድ በዚያው ዓመት ያደረገችው ይህንኑ ነው፣ ለሕዝብ ድምፅ አቀረበችውና 62 በመቶ ደገፈው። ኔዘርላንድስ ከሁሉ ቀድማ እ.ኤ.አ. በ2001 ፈቅዳለች። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2006።

አሁን ከሽማግሌ የማይቀረው ጥያቄ ይመጣል። «ታዲያ ቄሱን አስገድደው ያጋባሉ?» መልሱ አያስገድዱም ነው፣ በልበ ሙሉነት ተናገሩት። ራሱ ኬኔዲ ሃይማኖቶች ትምህርታቸውን መስበካቸውን መቀጠል እንደሚችሉ ውሳኔው ውስጥ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግም ቤተ እምነቶች እንዲህ ያለውን ጋብቻ ለመፈጸም አይገደዱም ይላል። ቨርጂኒያ ያለው የተዋሕዶ ካህን ለማን ተክሊል እንደሚያደርስ የሚወስነው በቀኖናው ነው።

ችግር የሚነሳው መካከል ላይ ነው። ኬንታኪ ውስጥ ኪም ዴቪስ የምትባል የካውንቲ ሹም በእምነቴ ምክንያት የጋብቻ ፈቃድ አልሰጥም አለች፣ ዳኛው ትእዛዝ ጥሰሻል ብሎ ጥቂት ቀናት አሰራት። አባዬ ተናደደ። «ለሃይማኖቷ ብላ?» አለ። እኔ ደግሞ «የያዘችው ማኅተም የመንግሥት ነው፣ መስቀል አይደለም» አልኩት። እስከ ዛሬ በዚህች አልተስማማንም። ኬክ ጋጋሪውም አለ፣ ለእንዲህ ያለ ሰርግ ኬክ አልሠራም ብሎ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈርዶለታል። በሃይማኖትና በዜጋ መብት መካከል ያለው እውነተኛው ትግል እዚህ ነው ያለው፣ በነጋዴውና በሹሙ ጠረጴዛ ላይ። አሜሪካኖቹም ገና አልጨረሱትም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአጎቴ ልጅ የሚኖርባት ቨርጂኒያ እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ድረስ ነጭና ጥቁር ሲጋቡ ታስር ነበር። ሪቻርድና ሚልድረድ ላቪንግ የሚባሉ ባልና ሚስት ላይ የፈረደው ዳኛ እግዚአብሔር ዘሮችን በተለያየ አህጉር ያስቀመጠው እንዳይቀላቀሉ ነው ብሎ ጻፈ። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ደጋፊዎች ይህን ደጋግመው ያነሱታል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የቆዳ ቀለምና ጾታ አንድ አይደሉም፣ ወንድና ሴት የተባለው ከፍጥረት ነው ይላሉ። ሁለቱንም ስትናገሩ እንደ ባለቤቱ አድርጋችሁ ተናገሩ። አባዬ ልጅ ሆኖ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምሯል፣ አንድምታ ይወዳል። በአንድምታ «አንድም» ብለህ ሌላ ትርጉም ስትጨምር የፊተኛውን አትሰርዘውም። እኔም «አንድም ደጋፊው እንዲህ ይላል» እያልኩ ስጀምር ጆሮውን ሰጠኝ። «ልክ እኮ ናቸው» ብዬ ብጀምር ኖሮ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛ ነበር።

ወደ እኛ አገር ሕግ ሲመጣ

እዚህ አጠር አድርጉት፣ ግን አታምታቱ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ የማግባት መብት ያላቸው ወንዶችና ሴቶች ናቸው ይላል። የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ደግሞ በተመሳሳይ ጾታ የሚፈጸም ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። ስለዚህ «ነገ ማርቆስ ማዘጋጃ ሊጀምር ነው» የሚል ወሬ ከየትም ቢመጣ ውሸት ነው። የሰፈር ድንጋጤ አብዛኛው የሚነሳው ከዚህ ዓይነት ወሬ ነው።

ሌላው ሁልጊዜ የሚምታታው የሕፃናት መደፈር ነው። ሰው «ግብረ ሰዶም» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው የተደፈረ ወንድ ልጅ ነው። ሕጉ ለሕፃናት የተለየ አንቀጽ አለው፣ 631፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ይህ ወንጀል በየትኛውም አገር ወንጀል ነው፣ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በተፈቀደበትም ጭምር። ሁለት ፈቃደኛ አዋቂዎች የሚለውንና ሕፃን መድፈርን አንድ ላይ ያሰረ ክርክር ወዴትም አይሄድም። እዚህ ላይ ጠንከር በሉ፣ ተቃዋሚም ብትሆኑ ደጋፊም ብትሆኑ።

ሕጉ ይከለክላል ማለት ደግሞ ማንም ተነስቶ ይደበድባል ማለት አይደለም። የሚይዘው ፖሊስ ነው፣ የሚፈርደው ዳኛ ነው፣ እስኪፈረድ ድረስ ሰውየው ንጹሕ ነው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20። የግል ሕይወቱም ይከበራል፣ የዚያው አንቀጽ 26። የሰው ስምና ፎቶ ቲክቶክ ላይ ለጥፎ «ይሄ እንዲህ ነው» ማለት ሰውን ለዱላ አሳልፎ መስጠት ነው፣ ስም ማጥፋትም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። እንዲህ ያለ ነገር ቴሌግራም ላይ ሲደርሳችሁ አታስተላልፉት። አለቀ።

ከቄሱ ጋር

የንስሐ አባታችሁን ስትጠይቁ ለመርታት አትሂዱ። አባ የሚነግሯችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ታውቁታላችሁ፦ ማቴዎስ ምዕራፍ 19፣ ከመጀመሪያው ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው። ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፣ እሳቸው የሚቀይሩት አይደለም፣ አስቀይራቸዋለሁ ብሎ መሄድም ነውር ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። «አባ፣ ሰውየውን ምን ላድርገው?» በሉ። እኔ ጠይቄ አባ ብዙ ቆዩ። መስቀላቸውን በመሐረብ እየጠረጉ «ድንጋይ እንድታነሣ ማን አዘዘህ?» አሉኝ። ዮሐንስ 8ን መጥቀሳቸው ነው። ቀጥለው «ሂጂ፣ ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ የሚለውንም አትርሳ» አሉ። ሁለቱን አብረው ተናገሩት፣ እኔም እንደነገሩኝ ነው የጻፍኩት።

ዘመዳችሁ ራሱ ቢነግራችሁ

ይሄኛው ከቨርጂኒያ ወሬ ይለያል። ወንድም ወይም እህት አንድ ማታ ብቻችሁን አግኝቶ «እኔ እንዲህ ነኝ» ቢላችሁ፣ በዚያች ሰዓት ምንም አታድርጉ። ሽማግሌ አትጥሩ። ለእናት አትንገሩ። ለጸሎት ነው ብላችሁ ለሦስት ሰው አታውሩ፣ በእኛ ከተማ ሦስት ሰው ማለት ገበያ ነው። አስራችሁ ጠበል አትውሰዱ። ራሱ ልሂድ ካለ አብራችሁ ሂዱ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። የነገራችሁ ሰው ሥራውን፣ ቤቱን፣ ምናልባትም ሕይወቱን እጃችሁ ላይ አስቀምጧል። የማታምኑበትን ነገር «አምናለሁ» ማለት የለባችሁም። «ሰምቻለሁ፣ ከእኔ አይወጣም፣ በልተሃል?» ካላችሁ ለዚያ ማታ ይበቃል።

ግብዣ ቢመጣ

ውጭ ላላችሁ ነው። አለቃችሁ ወይም የሥራ ጓደኛችሁ የሰርግ ጥሪ ቢሰጣችሁ መሄድ ግዴታ አይደለም፣ አለመሄድም ስድብ አይደለም። መሄድ ሕሊናዬን ይረብሸኛል የሚል «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ በእምነቴ ምክንያት መገኘት ይከብደኛል» ብሎ በግንባር ይንገር። ሀበሻ የሚያበላሸው እዚህ ነው። «እመጣለሁ» ይልና ይቀራል፣ ስልክም ያጠፋል። ፈረንጅ ወንበርና ሳህን ቆጥሮ ነው የሚደግስ፣ ይህ እምቢ ከማለት የባሰ ንቀት ይሆንበታል። የሚሄድ ደግሞ ይሂድ፣ ግን ፎቶውን ለአባቱ ከማሳየቱ በፊት ስልኩን አንድ ጊዜ ይፈትሽ።

ሰዓት ምረጡ

ይህን መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ። አቦል ላይ አታንሱት፣ ሰው ገና ሰላምታ አልጨረሰም። ጠላ ወይም አረቄ ከቀረበማ ጭራሽ አታንሱት። ጎረቤት ባለበት አታንሱት፣ ሽማግሌ ሰው ፊት ተናግሮ ቃሉን መመለስ አይችልም። እኛ የታረቅነው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው፣ ቅዳሴ ወጥተው አባዬና ልጁ ብቻቸውን በእግር ሲመለሱ። እኔ ከኋላ ነበርኩ።

አባዬ ድንገት «ያ አለቃህ፣ አምና ታመህ ስትተኛ ሆስፒታል ያደረው እሱ ነው?» አለ።

«እሱ ነው ጋሼ። ባልየውም ሾርባ ያመጣልኝ ነበር።»

«ባልየው አትበል።»

«እሺ።»

ጥቂት ሄዱ። አባዬ ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። «ጋብቻም አትበለው። ጋብቻ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

አባዬ አሰበ። «ውል በለው» አለ። «ሰማንያም ውል ነው።»

«እሺ ጋሼ፣ ውል።»

«ፎቶውንም አጥፋው።»

ልጁ «እሺ» አለ። አላጠፋውም። ማታ ቡና ላይ እማዬ ስልኩን ተቀብላ ያንኑ ፎቶ ፈልጋ አገኘችውና ወደ መብራቱ አስጠግታ ብዙ አየችው። «ኬኩ ግን ያምራል» አለች።